የወይዘሮ ደስታነሽ ጥሪ፣ ለሳክስፎንና ለፒያኖ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ገደፋውን የማያውቅ ቢኖር ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። የሚያውቁት በጡሩንባው ነው። ከዕድሩ አባላት ቤት ሰው ሲሞት ማለዳ ተነሥቶ ከአስፋልቱ በላይና በታች ባሉት ሰፈሮች እየዞረ ይነፋል፤ ከዚያ የሟቹን ስም፣ የሚቀበርበትን ቤተ ክርስቲያንና ሰዓቱን ቆም እያለ ይናገራል። ሌሎቹ ዕድሮች ድምፅ ማጉያ ባጃጅ ላይ አስረው ማዞር ከጀመሩ ቆይተዋል። የገደፋው ዕድር ግን ጡሩንባውን አልተወም። «እሱ ሲነፋው የሞተው ሰው ክብር ያገኛል» ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ሳክስፎን ነፊ እንደነበረ፣ አሁንም እንደሚነፋ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

የተወለደው ደጋ ዳሞት ውስጥ፣ ከፈረስ ቤት ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። አባቱ ገብስ አምራች ገበሬ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ለውትድርና ሲወሰድ ገና ጢም አላወጣም። ማሠልጠኛው ውስጥ አንድ ቀን የሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ሰዎች መጡና ምልምሎቹን አሰልፈው፣ ጥርሳቸውን እያዩ፣ ትንፋሻቸውን እያስያዙ መረጡ። ገደፋው ደረቱ ሰፊ፣ ጥርሱም ያልተዛነፈ ስለነበረ ከሰልፉ ተጠርቶ ወጣ። «ጠመንጃ ይሰጡኛል ብየ ስጠብቅ የታጠፈ ቧንቧ ሰጡኝ» እያለ ለባለቤቱ ለወይኒቱ ያጫውታታል።

ኖታ ማንበብ ያስተማሩት ከባሕር ማዶ የመጡ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። የክፍሉ ሥራ ማርሽና የበዓል ዘፈን ነበረ። አንድ ቀን ግን ሰውየው ፒያኖው ፊት ተቀምጠው አንድ ወረቀት ሰጡትና አብሯቸው እንዲነፋ አዘዙት። ለሳክስፎንና ለፒያኖ ብቻ የተጻፈ ነበረ። በአስተርጓሚያቸው በኩል፣ «እዚህ ላይ አጃቢ የለም። ሁለታችንም እናወራለን፣ ሁለታችንም እንሰማለን» አሉት። ገደፋው እስከዚያ ቀን ድረስ ሙዚቃ ማለት ብዙ ሰው በአንድ ላይ የሚያሰማው ነገር ይመስለው ነበር። ለብዙ ወራት ተለማመዱት። በመኮንኖች ክበብ ሊያቀርቡት ቀን ከተቆረጠ በኋላ ጦርነቱ ገፋ፤ አስተማሪው ወደ አገራቸው ተሸኙ፤ ሠራዊቱም ተበተነ። ገደፋው ሳክስፎኑን ለንብረት ክፍል አስረክቦ ባዶ እጁን አባቱ ቤት ገባ።

አባቱ ስለ ሥራው ሲሰሙ፣ «እና ስትነፋ ነው የከረምኸው?» ብለው ጠየቁት።

«አዎ አባባ።»

ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሡበትም። በሬ ጠምዶ ጥቂት ዓመት አረሰ። በኋላ ግን አላስቻለውም፤ ባሕር ዳር ሄዶ በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ተቀጠረ። አሁን ያለችውን አሮጌ ሳክስፎን ያገኛት ያን ጊዜ ነው። ወይኒቱን ሲያገባ፣ እናቷ ታመው አስታማሚ አጥተው ስለነበር ሁለቱም ወደ እናቷ ከተማ ወደ ፍኖተ ሰላም ገቡና እሱ ወፍጮ ቤት ሥራ ያዘ። ቀኑን ዱቄት ሲምግ ይውልና አመሻሽ ላይ ከከተማው ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ገብቶ ለብቻው ይነፋል። በጾም አይነፋም፤ ወይኒቱም አትፈቅድለትም፣ እሱም አይሻም። የቀድሞው ጡሩንባ ነፊ ሲደክሙ የዕድሩ ዳኛ አቶ ኪዳነ ማርያም አስጠሩትና፣ «ትንፋሽ አለህ አሉ» ብለው ጡሩንባውን ሰጡት። እንቢ አላለም።

አይናለምም እሱን ያገኘችው በዚሁ በጡሩንባው ነው። የቡሬ ልጅ ናት፤ የአባቷ ወገኖች ከአዊ ናቸው። አዲስ አበባ ፒያኖ ተምራ ፍኖተ ሰላም ባለ አንድ ኮሌጅ ሙዚቃ ታስተምር ነበር። አንድ ማለዳ ጎረቤቷ ሞተው ገደፋው በደጇ ሲያልፍ ሰማችው። ጡሩንባ ሲነፋ ብዙ ሰምታለች። ይህኛው ግን ድምፁን ከዝቅታ ያነሣና ሳያናውጥ አርቆ ወስዶ ቀስ ብሎ ያሳርፈዋል። ይህ ሰው የተማረ ነው ብላ አጠያይቃ ወፍጮ ቤት ድረስ ሄደች።

«አያ ገደፋው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ ልጀ። እህሉን እዚያ አውርጅው።»

«እህል አላመጣሁም። ስለ ጡሩንባው ነው።»

ገደፋው ወፍጮውን አጠፋ። «ማን ሞተብሽ?»

«ማንም አልሞተብኝም። እንዲያ መንፋት የት እንደተማሩ ልጠይቅዎ ነው።»

ቅንድቡ ዱቄት እንደለበሰ ቆሞ አያት። ከዚያ ጆንያ ላይ ተቀመጠና ስለ ሠራዊቱ፣ ስለ አስተማሪው፣ ሳይቀርብ ስለቀረው የሁለት ሰው ሙዚቃ ነገራት። ለወይኒቱ እንኳ እንዲያ ዘርዝሮ ነግሯት አያውቅም። አይናለም እስከ መጨረሻው ሰማችውና፣ «ፒያኖ እኮ አለን» አለችው።

የኮሌጁ ፒያኖ ከብዙ ዓመት በፊት የመጣ ጥቁር ፒያኖ ነው፤ አዳራሹ ጥግ ላይ ቆሟል። በክረምት እርጥበት ስለሚገባበት አንዳንዱ ቁልፍ ተጭነው ሲለቁት አይነሣም። የሚያስተካክል ባለሙያ ከአዲስ አበባ ለማስመጣት አይናለም ሁለት ጊዜ ተነጋግራ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ መንገዱ ተዘጋ። እንዲያም ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መገናኘት ጀመሩ። ለሁለቱ መሣሪያዎች የተጻፉ ሥራዎችን እየፈለገች ታመጣለታለች። መጀመሪያ ዓይኑ ኖታውን ረስቶ ይሳሳት ነበር፤ ከዚያ እየተመለሰለት ሄደ። የሚገርማት አነፋፉ አልነበረም። እሷ ስትጫወት እንዴት እንደሚሰማ ነበር። ሳክስፎኑን ከአፉ አውርዶ፣ ተራው እስኪደርስ ድረስ ጭንቅላቱን ወደ ፒያኖው ዘንበል አድርጎ ይጠብቃታል።

አንዷለም የሞተው በነሐሴ ነው።

አንዷለም የወይዘሮ ደስታነሽ ልጅ ነበረ። ወይዘሮ ደስታነሽ የማንኩሳ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ፍኖተ ሰላም ገበያ በርበሬ እየሸጡ አንዷለምንና ታናሽ እህቱን ሰብሊን አሳድገዋል። ልጁ ከብት ነጋዴ ሆኖ ከገበያ ገበያ ይዞር ነበር። አመሻሽ ላይ የከብት ኮቴ ሲሰሙ እናቱ ከደጅ ቆመው፣ «አንዷለም፣ መጣህ?» ብለው ይጣራሉ። ሰፈሩ ሁሉ ያንን ጥሪ ያውቀዋል። በዚያ ነሐሴ ከብት እየነዳ ሲመለስ ብር ወንዝ ሞልቶ ነበር። ቀድሞ የገባ አንድ ወይፈን ሲወሰድበት ሊይዝ ገባ። በማግሥቱ ከታች፣ ውኃው ከሚሰፋበት ቦታ ሬሳውን አገኙት።

ጡሩንባውን የነፋው ገደፋው ነው። ከቀብር መልስ እንደማንኛውም ዕድርተኛ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። ሙሾ ሲወርድ ተቀባይ አለው፤ አንዷ ታወርዳለች፣ የቀሩት ሴቶች ጫፉን ይዘው ይቀበሏታል። ወይዘሮ ደስታነሽ መጀመሪያ እንደ ወጉ አወረዱ፤ ሴቶቹም ተቀበሏቸው። ከዚያ ቃሉ ጠፋባቸው። የልጃቸውን ጋቢ ደረታቸው ላይ ይዘው ወደ ድንኳኑ በር ዞሩና፣ «አንዷለም፣ መጣህ?» አሉ። ደገሙት። አስረዘሙት። ጥሪው ዜማ ሆነ፤ መጨረሻው ወደ ላይ ተነሥቶ ሳያርፍ ይቀራል። ሴቶቹ ምን ብለው እንደሚቀበሉ አላወቁም። ጥያቄ ነበረ፤ ጥያቄውም ለእነሱ አልነበረም። ድንኳኑ በሙሉ ዝም አለ። እሳቸውም በዝምታው መካከል ብቻቸውን ጠየቁ፣ ጠየቁ፣ በመጨረሻ ሰብሊ አቅፋ እስክታስቀምጣቸው ድረስ።

ያ ዜማ ከገደፋው አልወጣ አለ። ወፍጮው ሲጮኽ ከሥሩ ይሰማዋል። ወደ ቤቱ ሲሄድ ይከተለዋል። መስከረም ሲገባ ወረቀት ላይ አሰፈረውና ለአይናለም አመጣላት። ከልቅሶ ቤት እንደሰማው ነገራት፤ የማን ልቅሶ እንደሆነ ግን አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችም። ከአንድ ገጽ የጀመረው እየረዘመ ሄደ። ሦስት ክፍል ሆነ። በመጀመሪያው ሳክስፎኑ ይጣራል። በመካከለኛው ወንዙ ይመጣል፤ የፒያኖው ወፍራም ድምፆች ያለ ዕረፍት ይጎርፋሉ፣ ሳክስፎኑ አንዴ ከላይ ይታያል፣ አንዴ ይሰጥማል። ገደፋው በዕድሜው ከሠራው ሁሉ የሚኮራበት ይህንን ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ የወሰደበትም እሱ ነው። በመጨረሻው ክፍል ጥሪው ተመልሶ ይመጣል።

የተጨቃጨቁት በመጨረሻው ክፍል ላይ ነው።

«እዚህ ጋ ፒያኖው ይመልሳል ብለው ጽፈዋል» አለች አይናለም። «ምን ብየ ልመልስ? መጣሁ ልበል?»

ገደፋው ወረቀቱን ትክ ብሎ አየ። «መጣሁማ አይባልም።»

«ታዲያ?»

«እንግዲህ አብረሽ ጠይቂ።»

እንዲህ ሆኖ ተጻፈ። ሳክስፎኑ ጠርቶ ሲጨርስ ፒያኖው ከሥር፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ የጥሪውን ጫፍ ይዞ ይደግመዋል። አንድ ችግር ግን ቀረ። የጥሪው የመጨረሻ ድምፅ ከፒያኖው ሁለት ቁልፎች መካከል የሚወድቅ ነው። ሳክስፎኑን በከንፈር ለቀቅ ጠበቅ አድርጎ እዚያ ማድረስ ይቻላል፤ ፒያኖው ግን ያለው ድምፅ ያው ነው። አይናለም ብዙ ሞከረችና ተወችው። እዚያ ሲደርሱ እጇን ታነሣለች፤ ሳክስፎኑ ብቻውን ይቀራል።

ሰብሊ በዚያው ኮሌጅ ተማሪ ነበረች። አንድ ቅዳሜ በአዳራሹ መስኮት ሥር ስታልፍ እናቷ ሲጣሩ ሰማች። ቆመች። ቃል አልነበረውም፣ የወንድሟን ስም ግን ሰማችው። ወደ ውስጥ ስትገባ ሁለቱም መጫወታቸውን አቆሙ።

«ይህን ከየት አመጣችሁት?» አለች።

ገደፋው አወቃት። ሳክስፎኑን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«የእማየ ነው» አለች ሰብሊ ለአይናለም፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። «የወንድሜ ልቅሶ ነው።» ተመልሳም ወጣች።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዕድሩ ሲሰበሰብ ወይዘሮ ደስታነሽ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው መጡና ከሴቶቹ በኩል ተቀመጡ። አቶ ኪዳነ ማርያም ሌላውን ጉዳይ ሁሉ ጨርሰው ወደ ገደፋው ዞሩ።

«ገደፋው፣ ዕድሩ ጡሩንባ ሰጥቶሃል። ወደ ልቅሶ ቤት ስትገባ የምትይዘው እሱን ነው። ስትወጣ ሌላ ነገር ይዘህ ወጥተሃል ይባላል።»

«ይዣለሁ» አለ ገደፋው።

«ለልቅሶው ባለቤት ንገራት እንግዲህ።»

ገደፋው ተነሥቶ ወደ ወይዘሮ ደስታነሽ ዞረ። «እትየ ደስታነሽ፣ መጠየቅ ነበረብኝ። ዐይንዎን ማየት ፈርቼ ተውሁት።»

«እናቴ ስትሞት ነፍተሃል» አሉት። «ባሌ ሲሞት ነፍተሃል። ለልጄም ነፍተሃል። አንድ ቀን ክፉ ተናግሬህ አላውቅም። ጭብጨባ ወዳለበት ቤት ስትወስደኝ ግን ምነው ዝም አልኸኝ?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ወረቀቱን አቃጥለዋለሁ።»

ወይዘሮ ደስታነሽ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ቆዩ። «ያልሰማሁትን ነገር አቃጥል ማለት ይከብደኛል» አሉ በመጨረሻ። «አሰማኝና የምለውን እላለሁ።»

በሳምንቱ መካከል ከገበያ መልስ ኮሌጁ መጡ፤ ሰብሊ አብራቸው ነበረች፣ አቶ ኪዳነ ማርያምም ዕድሩን ወክለው ተከትለው መጡ። አይናለም ከፊት ወንበር አቀረበችላቸው። እሳቸው ግን በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ በርበሬ የነካ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋጥመው አስቀመጡ። ገደፋው ሪድ የሚሏትን ስስ ሸንበቆ በምራቁ አርሶ ከሳክስፎኑ አፍ ላይ አሰረ። አይናለም አየችው፤ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀችውና በአንገቷ ምልክት ሰጠችው።

ጥሪው ሲጀምር ወይዘሮ ደስታነሽ ወደ በሩ ዞሩ። የሚመጣ ሰው ያለ ይመስል ጥቂት ተመለከቱ። የወንዙ ክፍል ሲመጣ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ፤ ሰብሊ ክንዳቸውን ያዘች፣ አስለቀቋት። በመጨረሻው ክፍል ላይ ሳክስፎኑ ጠራ፣ ፒያኖው ከሥር ተቀበለው፤ ደግሞ ጠራ፣ ደግሞ ተቀበለው። ያን ጊዜ ቀና አሉ። ሙዚቃው አለቀ። ከውጭ በአስፋልቱ የሚያልፍ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ብቻ ይሰማ ነበር።

«ያች ከእኔ ጋር የምትጠይቀው ማን ናት?» አሉ ወይዘሮ ደስታነሽ።

አይናለም ከፒያኖው ተነሣች። «እኔ ነኝ እማማ።»

«አንቺ ልጁን ታውቂው ነበር?»

«አላውቀውም።»

«የዚያን ቀን የተቀበለኝ አልነበረም» አሉ፤ ለአይናለም ይሁን ለሰብሊ፣ ለማን እንደሚናገሩ አይታወቅም። «ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ የተቀበለኝ አልነበረም። አልፈርድባቸውም። እኔም ብሆን አልቀበልም ነበር።»

አለቀሱ። ጮኸው አልነበረም፤ እንባው ወረደ እንጂ ፊታቸው እንደነበረ ነው። ሰብሊም አለቀሰች። አቶ ኪዳነ ማርያም ባርኔጣቸውን አውልቀው ያዙ። ወይዘሮ ደስታነሽ ፊታቸውን ከጠረጉ በኋላ ወደ ገደፋው ዞሩ።

«ያ መካከል ላይ የሚጮኸው ምንድን ነው?»

«ወንዙ ነው እትየ» አለ ገደፋው።

«አውጣው።»

አይናለም አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ገደፋው በእጁ ከለከላት።

«ልጄን ወስዷል» አሉ ወይዘሮ ደስታነሽ። «ልቅሶዬ ውስጥ ግን አይገባም። የቀረውን ንፉት፤ ፈቅጃለሁ። ማንም እንዳያጨበጭብ። እኔንም ሁለተኛ አትጥሩኝ፣ አንዴ ሰምቼዋለሁ።»

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አይናለም ፒያኖውን ሳትዘጋ ቆማ ቀረች። «አያ ገደፋው፣ መካከሉ ከወጣ ሥራው ይሰበራል እኮ። ሁለቱ ክፍሎች ዝግ ያሉ ናቸው፤ የሚለያያቸው እሱ ነበር። የደከሙበትም እሱ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሌላ እንጻፍ ታዲያ፣ ወንዝ ያልሆነ።»

«ምን እንጽፋለን?» አለ ገደፋው። ሳክስፎኑን በጨርቅ መጥረግ ጀምሮ ነበር። «እዚያ መካከል የነበረው ወንዙ ነው። እሷ አውጣ አለች፤ ወጣ። ልቅሶው የእሷ ነው።»

አይናለም ያን ቀን ተቀይማው ነው የተለያዩት። የሚቀጥለውን ቅዳሜ አልመጣችም። ከዚያ ወዲያ ባለው ቅዳሜ ገደፋው ሲደርስ አዳራሹን ከፍታ ጠበቀችው፤ የወንዙን ገጾች ከፒያኖው ላይ አንሥታ ለብቻ አስቀምጣ ነበር። ሁለቱን ክፍሎች በዝምታ እየለዩ መጫወት ተለማመዱ። ዝምታው ምን ያህል ይርዘም በሚለው ላይ እስካሁን አይስማሙም።

ግንቦት ላይ በኮሌጁ አዳራሽ አቀረቡት። ተማሪዎች ነበሩ፣ መምህራን ነበሩ፣ የዕድሩ ሰዎችም በብዛት መጥተው ነበር። አይናለም ቀድማ ተነሥታ፣ ይህ በሐዘንተኛዋ ፈቃድ የሚቀርብ ልቅሶ ስለሆነ ጭብጨባ የለውም አለች። አልቆ ገደፋው ሳክስፎኑን ሲያወርድ ሰው ሁሉ ግራ ተጋባ። ከኋላ የተቀመጡት የዕድሩ ሽማግሌዎች ተነሥተው ቆሙ። ተማሪዎቹም እነሱን አይተው ቆሙ። ጥቂት ከቆሙ በኋላ ከቀብር እንደሚመለስ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ እየተነጋገሩ ወጡ። ሰብሊ ከሁሉ በኋላ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ለገደፋው ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው።

ከተማው ስለ ነገሩ ብዙ አወራ። ልቅሶን ወደ አዳራሽ ማምጣት ሞት መጥራት ነው ያሉ ነበሩ። ለእኛም ሟች ሥራልን ብለው ወፍጮ ቤት ድረስ የመጡም ነበሩ፤ ገደፋው በትሕትና እየመለሰ ሸኛቸው። ዕድሩ ጡሩንባውን አልቀማውም። አቶ ኪዳነ ማርያም ነገሩን በስብሰባ ዳግም አላነሡትም።

ወይዘሮ ደስታነሽ ያው በርበሬ ተራ ላይ አሉ። ገደፋው በዚያ ሲያልፍ ቆሞ ሰላም ይላቸዋል፤ ስለ ወይኒቱ ጤና ይጠይቁታል፤ እሱም ስለ ሰብሊ ይጠይቃቸዋል። ዘንድሮ ተመርቃ ማንኩሳ ማስተማር ጀምራለች። ስለ ሙዚቃው ያነሡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«አወጣኸው?» አሉት።

«አውጥቼዋለሁ።»

«ደህና አደረግህ» ብለው ለደንበኛቸው መስፈር ቀጠሉ።

አይናለም ወደ ቡሬ ተዛውራለች። ፒያኖው እዚያው ኮሌጁ ስለቀረ፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ቅዳሜ በሚኒባስ እየመጣች ይለማመዳሉ። ገደፋው አምና ከፊት ጥርሶቹ አንዱ ተነቅሎበታል፤ የሳክስፎኑን አፍ በጎን በኩል መያዝ እንደ አዲስ እየተማረ ነው፤ ረዥሙን ድምፅ ሲይዝ አንዳንዴ ያመልጠዋል። የወንዙን ክፍል ለብቻው እንጫወተው ብላ አይናለም ጠይቃው ነበር፤ እንቢ አለ። ወረቀቱን ግን አላቃጠለውም። ወይኒቱ ከነጭ ልብሶቻቸው ጋር ሣጥን ውስጥ አስቀምጣለታለች።